የግራው እጅጌ

ይህ ታሪክ እውነት ነው። ከአንገትጌው እስከ ጠርዙ እውነት ነው፤ አንዲት ክር አልተቀጠለበትም፣ አንዲት ክር አልተመዘዘበትም። በሌላ ቤት ቢሆን «ውሸት ከሆነ እጄን ይቁረጠው» ተብሎ ይማልና ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል። በልብስ ሰፊው ቤት ግን በእጅ አይማልም። ልጅቷ ከተወለደች ወዲህ ያ መሐላ ከዚያ ቤት ተባሯል፤ በምትኩ በዓይን፣ በጥርስ፣ ሲብስም በጎረቤት ጤና ይማላል። ስለዚህ ይህ ታሪክ ውሸት ከሆነ ዓይን ይጥፋ፣ ጥርስ ይርገፍ፣ ጎረቤቱን ጸጉር አስተካካይም ቁርጥማት አይለየው።

ልብስ ሰፊው በሰፈሩ «ሜትሩ» ይባላል። ሜትር ከአንገቱ ስለማይወርድ ብቻ አይደለም። የልብስ ሰፊ ሜትር መቶ ሃምሳ ሳንቲሜትር መሆኑን የደረሰበት ያው ጸጉር አስተካካይ «የሌላው ሰው ሜትር መቶ ነው፣ የሱ መቶ ሃምሳ። ወሬውንም በዚያው ነው የሚለካው» ብሎ ያወጣለት ስም ነው። ይቀየማል ተብሎ ተጠበቀ። እሱ ግን «መቶ ሃምሳ ካልከኝ ቀንሰህብኛል» ብሎ የስፌት መኪናውን ፔዳል ረገጠ።

ሌላ ሌላውን ጉራ ብንተውለት፣ በእጅጌ ግን ማንም አይከራከረውም። እንደሱ እጅጌ የሚገጥም ሰው በዚያ መንገድ ላይ አልነበረም፤ በዚያ ከተማ አልነበረም፤ ባሕር ተሻግሮ ለሚፈልግም ትርፉ ድካም ነው። ጥበቡን ያወጣው ደግሞ ለደንበኛ ሳይሆን «ቁልፌ» እያለ ለሚጠራት ለስምንት ዓመት ልጁ ነው።

ቁልፌ ስትወለድ ትከሻዋ ተቀርቅሮ አልወጣ አለ። አዋላጆቹ ነፍሷን ለማትረፍ ሳቧት፤ ነፍሷ ተረፈች፣ ከአንገቷ ወደ ግራ እጇ የሚወርዱት ነርቮች ግን ተጎዱ። ከዚያ ወዲህ ግራ እጇ ከክርኑ እንደታጠፈ፣ መዳፉም ወደ ሆዷ እንደዞረ ነው። ጣቶቿ ይሠራሉ፤ መርፌ ውስጥ ክር ሲያስገቡ ከአባቷ ይፈጥናሉ። እንቢ ባይ ትከሻዋ ነው። እጁ ከቀኙ ያጥራል፣ ይቀጥናልም።

ሜትሩ ይህን ሁሉ በመቀስና በመርፌ ደበቀው። የግራውን ትከሻ በስፖንጅ ሞላ። እጅጌውን ክርን ላይ ቀስት አድርጎ ቆረጠ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ኪሱ ነው፤ የጃኬቱን የግራ ኪስ ከተለመደው ቦታ ወደ ፊት አምጥቶ ከፍ አደረገውና የታጠፈችው እጅ ሰተት ብላ ገብታ እንድታርፍበት አደረጋት። ቁልፌ በመንገድ ስታልፍ ያየ ሰው እጇን ኪሷ ከታ የምትንጎራደድ ኩሩ ልጅ ናት ይላል እንጂ ሌላ ነገር አያስብም። አጠገባቸው ያለው ጸጉር አስተካካይ እንኳ አያውቅም ነበር።

ጠዋት ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ሜትሩ ልጁን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ያስተኛትና ግራ እጇን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ይዘረጋዋል፤ ትከሻዋ እንዳይደርቅ ከሆስፒታል የተሰጠው ትእዛዝ ነው። ያማታል። ሕፃን ሳለች ታለቅስ ነበር። እንዳታለቅስ ተረት ጀመረላት፤ እጁ እስኪለቀቅ ተረቱ ማለቅ ስለሌለበት ተረቱ ይረዝማል፣ ሕመሙ ሲብስ ደግሞ አንበሳው ሁለት ይሆናል፣ ወንዙ ባሕር ይሆናል። ሰው ከመሬት ተነስቶ ጉረኛ አይሆንም።

እንግዲህ ጉዱ የፈላው በዚያ ሳምንት ነው።

ሜትሩ፣ ሚስቱና ቁልፌ ሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። ሰማያዊ ፕላስቲክ የለበሰ አልጋ፣ ትላልቅ የጎማ ኳሶች፣ ግድግዳው ላይ ከታች እስከ ላይ የተለጠፉ የወረቀት ኮከቦች አሉ። ልጆች እጃቸውን እያነሱ የሚነኳቸው ናቸው። የቁልፌ ቀኝ እጅ ሦስት ረድፍ ያልፋል። ግራዋ የምትነካው ኮከብ ከጠረጴዛ ከፍታ አይበልጥም። ከሁሉ በላይ ያለው ቢጫ ነው።

ሐኪሟን ሜትሩ ቤት ውስጥ «እመት ዘርጊው» ይላታል፤ «ዘርጊው የኔ ቆንጆ፣ ዘርጊው» ከአፏ ስለማይጠፋ። ፊት ለፊት ግን «ዶክተር» ናት፤ ሜትሩም እሷ ፊት ኮፍያውን ያወልቃል።

«ነገሩን ግልጽ ላድርገው» አለች ሐኪሟ፤ ወንበሯን ወደ ወላጆቹ ሳብ አድርጋ። «ከሩቅ የመጣው የአጥንት ሐኪም እዚሁ ሁለት በር አልፎ ነው ያለው። ከጀርባዋ ጡንቻ ወስዶ ትከሻዋ ላይ ያስራል። እጁ እንደ ቀኙ አይሆንም፤ ዋሽቼ ተስፋ አልሰጣችሁም። ግን በራሱ ይነሳል።»

ቁልፌ ቀና አለች። «ጸጉሬን ራሴ አስረዋለሁ?»

«ታስሪዋለሽ የኔ ቆንጆ። ብዙ ከሠራሽበት።»

ልጅቷ ቢጫውን ኮከብ አየችው፣ ከዚያ ጫማዋን አየች።

«ሐኪሙ ዛሬ ከሰዓት ይሄዳል» ቀጠለች ሐኪሟ። «መቼ እንደሚመለስ አላውቅም፤ አጥንቷ ደግሞ እያደገ በተጣመመ ቁጥር ነገሩ ይከብዳል። እጁ በራሱ መነሳት ጀምሮ ከሆነ ግን ማንም አይነካውም፤ እኔም አላስነካም። ባለፈው ስለካው አልጀመረም ነበር። ዛሬ እንዳልለካው ደግሞ እሁድ ዕለት ተጎድታ ትከሻዋ አብጧል። ስለዚህ እናንተን ነው የምጠይቀው። ባለፈው ካየኋት ወዲህ፣ ማንም ሳይነካው፣ ይህ እጅ በራሱ ተነስቶ ያውቃል?»



ሜትሩ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ዕድሜውን ሙሉ ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው፤ መቀስ ይቅርታ እንደማያውቅ እሱ ያውቃል። ጨርቅ ቢበላሽ ሌላ ጨርቅ ይገዛል፤ ደንበኛ ቢቆጣ ይለማመጡታል። ይህች ልጅ ግን ቁራጭ የላትም፣ ምትክ የላትም። ሐኪሟ «ከጀርባዋ ወስዶ» ስትል የራሱ ጀርባ ላይ ጠመኔ ሲሰመርበት ተሰማው። ሚስቱ ደግሞ ይሁን ብላ ቆርጣለች፤ ከሦስት ቀን ጀምሮ በዚህ ነገር ጀርባና ጀርባ ሆነው ነው የሚተኙት።

«ዶክተር» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፤ «የእሁዱን ልንገርዎትና እርስዎ ይፍረዱ።»

«አሳጥረው» አለች ሚስቱ።

«እኔ የማሳጥረው ሱሪ ነው።»

ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አደረገች። ሜትሩም ጀመረ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሳይሆን እንደ ለቅሶ ቤት ሰው አንገቱን ደፍቶ።

እሁድ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ከሱቁ ሕንጻ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ የተበየደ የብረት መሰላል አለ፤ ጣሪያው ላይ ወዳለው የውሃ ታንከር የሚያወጣ። አራት ፎቅ ነው።

«ሁለት» አለች ሚስቱ።

«ከፊት ሁለት ነው። ከኋላ መሬቱ ይወርዳል።» ቀጠለ። ሜትሩና ጸጉር አስተካካዩ እዚያው ጥላው ሥር ቆመው ስለ ኑሮ ሲጫወቱ ቀና ቢሉ፣ ቁልፌ ከመሰላሉ ጫፍ ላይ ናት።

«ማን ውጪ አላት?» አለች ሐኪሟ።

«ማን ይላታል? የማን ልጅ ሆነችና?»

ቁልፌ የጃኬቷን ቁልፍ ታሽከረክር ነበር። እናቷ አየቻት። ሜትሩ ቶሎ አለፈው።

ወዲያው ነፋስ ተነሳ። ነፋስ ሲባል እንደ ሌላው ቀን ቅጠል የሚያንቀሳቅስ አይደለም፤ የጣሪያውን ቆርቆሮ እንደ ገበር እያገላበጠ የሚገፍ ነው። ልጅቷ ላይ ሆና «አባዬ» አለች። አንዴ ብቻ። ሜትሩ ሊሮጥ ሲል ከመሰላሉ ሥር ውሻ ቆሟል። ጥጃ የሚያህል ጥቁር ውሻ፤ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልታወቀ፤ ጥርሱን አውጥቶ ማንንም አላስጠጋ አለ።

«ትናንት ስታወራው ትንሽ ነበር» አለች ሚስቱ።

«ትናንት ከሩቅ ነበር የማወራው።»

ጸጉር አስተካካዩ? እሱማ ፎጣውን ጥሎ ሸሸ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ግን መላጨት እንጂ መውጣት አያውቅም። ሜትሩ ከአንገቱ ላይ ሜትሩን ፈትቶ እንደ ጅራፍ አዙሮ ውሻውን አፍንጫው ላይ አለው። በአንድ ምት። ውሻው እያላዘነ እስከ ዋናው መንገድ ሄደ። ሜትሩም መሰላሉን ሦስት ሦስቱን እየዘለለ ወጣ። ነፋሱ ሸሚዙን እንደ ሸራ ነፍቶታል፣ ዝገቱ መዳፉን ይልጠዋል፣ እሱ ግን ነፍሴ ውጪ ነፍሴ ግቢ እያለ ዓይኑን ከልጁ ላይ አልነቀለም።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን ካስቀመጠች ቆየች። ሚስቱ እንኳ ማቋረጡን ትታለች። ታሪኩን ለሰፈሩ ሲያወራው ከዳቦ ቤት እስከ ታክሲ ተራ ያለው ሰው ስቆ ነበር። እዚህ ማንም አልሳቀም። ሜትሩ ይህን አየ፤ ወደ ኋላ እንዳይመለስ መሐል ላይ ደርሷል፣ ወደ ፊት ደግሞ የሚጠብቀው አንድ ቃል ነው።

«ከዚያስ?» አለች ሐኪሟ።

«ከዚያ ቀኝ እጇ አዳለጣት።»

«እሺ።»

«ቀኟ ለቀቀ። ልደርስባት አንድ ክንድ ቀርቶኛል። እግሯም ተንሸራተተ። እንግዲህ ወደቀች ብዬ ልቤ ከአፌ ደረሰ።» ግራ እጁን ወደ ላይ አነሳ። «ግራዋ ተነሳ።»

«ግራዋ?»

«ግራዋ፣ ዶክተር። ተነስቶ ከበላይዋ ያለውን ብረት ያዘ። ክብደቷን ሁሉ ይዞ አንጠለጠላት። እኔም ደርሼ ወገቧን አቀፍኳት፣ በሜትሬ ከራሴ ጋር አሰርኳትና ወረድን። ሕዝቡ አጨበጨበ።»

«ሕዝቡን ይተዉት። እጁ ከፍታው የት ደረሰ?»

«ከጭንቅላቷ በላይ።»

«እርስዎ አይተዋል? በዓይንዎ?»

«በነዚህ ዓይኖቼ» አለ ሜትሩ። ይህን ሲል ድምፁ ወረደ፤ እጁም መወራጨቱን ተወ። ከነገረው ሁሉ ያላስረዘመው ይህን ብቻ ነው። የሰማዩን ብርሃን ተደግፎ፣ ያ ጠዋት ጠዋት በሁለት እጁ ካልደገፈው የማይነቃነቅ እጅ፣ ከልጁ ጭንቅላት በላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ አይቶታል። ከዚያ ወዲህ ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ያየዋል። «ከጭንቅላቷ በላይ ነበር ዶክተር። ማንም አልነካውም።»

ሐኪሟ ተነሳችና ወደ ልጅቷ ሄደች። በጃኬቱ ላይ ትከሻዋን በጣቷ ጫፍ ዳሰሰች። ያበጠው ያስታውቃል። «ክብደቷን ሁሉ ከያዘ ማበጡ አይገርምም» አለች ለራሷ ያህል። ወደ እናትየው ዞረች። «እርስዎ እዚያ ነበሩ?»

«ዳቦ ቤት ነበርኩ። እሁድ ተረኛ ነኝ።» እናትየው ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛለች። ባሏን አየችው። በትዳር ዘመኗ ሁሉ እንዲህ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር የሰማችው ልጅቷ የተወለደች ቀን ብቻ ነው። «እኔ አላየሁም። ግን እንዲህ ሲናገር አይዋሽም።»

«ጸጉር አስተካካዩስ አይቷል?»

«እሱ ሸሽቷል አልኩዎት እኮ።»

ሐኪሟ ግድግዳው ላይ ያሉትን ኮከቦች አየች። «በስምንት ዓመቷ ይህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም። ግን ልጆች አንዳንዴ እኛን ያሳፍሩናል፤ ደግ ማፈር ነው። ከራስ በላይ በራሱ ከወጣ ያንን ጡንቻ መንካት ጥፋት ነው።» ነጭ ጋውኗን አስተካከለች። «ሄጄ እሷን ይለፋት እለዋለሁ። ተራው ለሚቀጥለው ልጅ ይሆናል።»

ሜትሩ ኮፍያውን ጭኑ ላይ አጣጠፈ፣ ዘረጋ፣ እንደገና አጣጠፈ። አሸንፏል። ጀርባዋ ላይ ጠመኔ አይሰመርም፣ መቀስ አይገባም። ነገ ጠዋት መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ያስተኛታል፣ ተረቱን ይጀምርላታል። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ልጁን ግን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

ሐኪሟ የበሩን እጀታ ያዘች።

«አልተነሳም» አለች ቁልፌ።

ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፤ ኳስ ከመደርደሪያ ቢወድቅ ከዚያ ይበልጥ ይሰማ ነበር። ሐኪሟ እጀታውን እንደያዘች ዞረች።

«ምን አልሽ የኔ ቆንጆ?»

«እጄ አልተነሳም።» ልጅቷ አባቷን ሳይሆን የጃኬቷን ቁልፍ እያየች ነው። «እጅጌዬ ነው የተነሳው። አዳልጦኝ ስወርድ እጅጌዬ ከላይ ብሎን ላይ ተሰቀለ። እጄ ውስጡ ስላለ አብሮ ወጣ።»

«ቁልፌ...» አለ ሜትሩ።

«ብብቱ ጋ ተቀዶ ነበር» ቀጠለች፤ ጃኬቱን በቀኝ እጇ ገለጥ አድርጋ። ሐኪሟ ጎንበስ ብላ ገበሩን አየች፣ ስፌቱን በጣቷ ፈለገች፣ አላገኘችውም። «አይታይም» አለቻት ቁልፌ። «አባዬ የሰፋው አይታይም።»

እናትየው እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እላይም አልደረስኩም። መሐል ላይ ነበርኩ። የወጣሁት ደግሞ ጸጉር አስተካካዩ ‹እጇን ሁልጊዜ ኪሷ የምትከተው ሥራ ጠልታ ነው ወይ?› ብሎ ሲስቅ፣ አባዬ ‹በአንድ እጇ ታንከሩ ድረስ ትወጣለች› ስላለው ነው። ጸጉር አስተካካዩ የኪሴን ምሥጢር አያውቅም ነበር። ያወረደኝም እሱ ነው። ፎጣው ትከሻው ላይ ነበር።»

ሐኪሟ የበሩን እጀታ ለቀቀች። ወንበሯን ስባ ከልጅቷ ፊት ተቀመጠች። ሜትሩ ኮፍያውን እንደያዘ ቀርቷል።

«አባትሽስ የት ነበር?» አለች ሐኪሟ።

ቁልፌ አሁን ቀና ብላ አባቷን አየችው።

«አባዬ ከታች መሰላሉን ይዞ ነበር» አለች። «መሰላሉ የተበየደ ነው፣ አይወድቅም። እሱ ግን እስክወርድ ድረስ አልለቀቀውም።»

ትንሽ አሰበችና ጨመረች።

«ውሻም አልነበረም።»